ስጦታውን ተዉትና ጥገናውን ስጡን

እባካችሁ፣ ሰው ሠራሽ እግር በካሜራ ፊት ማስረከብ ይብቃችሁ። ሥርዓቱን እናውቀዋለን፦ ባነር ይሰቀላል፣ የክብር እንግዳው አርፍዶ ይመጣል፣ እግር የተገጠመለት ሰው መድረክ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ቡና ይከተላል። ሰውየው በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ አገሩ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የት ደረሰ የሚለው የለም።

እኔ ራሴ ከጉልበቴ በታች በፖሊፕሮፒሊን እግር ነው የምሄደው፤ በሰው ቁስል አላወራም። ፖሊፕሮፒሊን ማለት ማዳበሪያ ጆንያ የሚሠራበት ያው ፕላስቲክ ነው። ለድሃ አገር ይሆናል ብሎ ያስፋፋው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ነው። የእግርህ ቅርጽ በጀሶ ይወሰዳል፤ ፕላስቲኩ ምድጃ ውስጥ እስኪለሰልስ ይሞቅና ቅርጹ ላይ ይለበጣል፤ አየሩ ተመጥጦ ይጣበቃል። ርካሽ ነው ብዬ አላማውም፣ ተሸክሞኛል።

ግን ያልቃል። የጎማው ተረከዝ ይሰነጠቃል፣ ማሰሪያው ይላላል። የተቆረጠው እግርም እየከሳ ይሄድና ሶኬቱ (ጉማጁ እግር የሚገባበት ማቀፊያ) ይሰፋዋል። ካልሲ ትደርባለህ፤ ሌላ ትጨምራለህ፤ እግርህ ውስጡ እየዋለለ ቆዳው ይላጣል፣ ይቆስላል። ያኔ እግሩ አልጋ ሥር ይገባል፣ ክራንቹ ይወጣል። በለጋሹ ሪፖርት ላይ ግን ሰውየው እስከ ዛሬ «ተጠቃሚ» ነው!

የልጆቹ ይብሳል። ልጅ ያድጋላ! ዓመት ሳይሞላው ሶኬቱ ይጠበዋል። ከነዚህ ልጆች ስንቱ እኮ እግሩን ያጣው ተሰብሮ ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ስላሰረው፣ ደሙ ታግዶ ስለበሰበሰበት ነው። (ወጌሻውን መርገም ቀላል ነው። ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነ ሰው ወዴት ይሂድ? እንዴት እንደሚታሰር አስተምሩት።)

ዲያስፖራ ወገኖቼም አትቀየሙኝ። አገልግሎ የተጣለ እግር በካርቶን አሽጋችሁ አትላኩልን። ሶኬት በአንድ ሰው ልክ የሚሠራ ነው፤ የሟች ጥርስ ለሌላ ሰው አይገጠምም። ባለሙያ ፈታቶ ለመለዋወጫ ካልተጠቀመበት መጋዘን ማጣበቢያ ነው።

እግር ከሚለብሰው ሰው ልክና ኑሮ ተነሥቶ መሠራት እንዳለበት ሕንዶቹ ገብቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በጃይፑር ከተማ ራም ቻንድራ ሻርማ የተባለ የእጅ ባለሙያ ከዶክተር ፒ. ኬ. ሴቲ ጋር ሆኖ የጎማ እግር ሠራ። የፈረንጁ እግር ለጫማና ለወንበር የታሰበ ነው፤ የነሱ ሰው ግን በባዶ እግሩ እርሻ ይገባል፣ መሬት ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከኑሮው ተነሡ። የኛ ገበሬስ? ጭቃ ውስጥ ይውላል፣ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ይላል። መድረክ ላይ ቁጢጥ በል ብሎ የፈተነው አለ?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት፣ የድጋፍ መሣሪያ ከሚያስፈልገው ሰው በአንዳንድ ድሃ አገሮች የሚያገኘው 3 በመቶው ብቻ ነው። ሕገ መንግሥታችን ደግሞ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አካል ጉዳተኞችን አቅም በፈቀደ መጠን እንዲያቋቁም ያዛል። አቅም የምትለዋ ቃል ስንት ዓመት ታስቀምጠን?

የምንጠይቀው ሰማይ ቤት ያለ ነገር አይደለም። ሶኬት የሚያስተካክል፣ ተረከዝ የሚቀይር ባለሙያ ዕቃውን ጭኖ በየዞኑ ይዙር። ደመወዙ ደግሞ ትዳር የሚያሳድር ይሁን፤ አለዚያ ጥሎ ይሄዳል። ከሩቅ ለሚመጣው የአውቶቡስና የአልጋ ይከፈልለት፤ እግሩ በነፃ ነው እንጂ መንገዱ በነፃ አይደለም። አንዴ ጥገና ፈልጌ ሄጄ «ጎማ አልቋል፣ በሌላ ወር ተመለስ» ተባልኩ። እኔ ከተሜ ነኝ፣ ተመለስኩ። አጠገቤ ተራ ይጠብቅ የነበረው ሰው ግን በሬውን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ የመጣ ነው። ለዚያ ጎማ መግዣ የሚሆን የበጀት ርዕስ ያለው የትኛው ክልል ነው? ያለው ካለ ሰነዱን ያውጣ፤ እኔም በዚሁ ዓምድ አመሰግነዋለሁ።