ጣሪያውን የጠገነ ከመዝገብ አይሰረዝ



ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ማታ የተነሳውን ነፋስ ለካኩማ ሰው እናስረዳ ብንል ትርፉ ድካም ነው። ሁላችንም ነበርንበት። እንደ ወትሮው አቧራው ቀድሞ መጣ፣ ሰማዩ ቀላ፣ ቡና ያፈላችም ጀበናዋን እንደጣደች ልጆቿን ሰብስባ በሯን ዘጋች። ነገሩ ከሩብ ሰዓት አልበለጠም። አቧራው ሲያልፍ ዝናቡ ተከተለ፤ ጠዋት ወጥተን ስናይ በእኛ ብሎክ ብቻ የስድስት ቤት ጣሪያ ተነስቷል። የአንዱ ቤት ቆርቆሮ ከነማገሩ ተነቅሎ ላጋው ዳር ተጣጥፎ ተገኘ። ሰው ላይ አለማረፉ ተመስገን ነው።

እኛ መምህራን ነንና ጉዳቱን መጀመሪያ ያየነው ክፍል ውስጥ ነው። ሮብ ዕለት ከአንድ ቤት ሦስት ተማሪዎች ቀሩብን። ሐሙስም አልመጡም። አርብ ከትምህርት በኋላ ሁለት ሦስት ሆነን ቤታቸው ሄድን። እናትየው አራት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ናት። ግድግዳው ቆሟል፤ ከላይ ግን ሰማይ ነው። ቆርቆሮዎቹ ተሰብስበው አጥሩ ላይ ተደግፈዋል፤ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ምንም አልሆኑም። የልጆቹ ደብተር ገመድ ላይ እንደ ልብስ ተሰጥቷል። መዶሻ ያለው ጎረቤት ደግሞ አጠገቧ አለ። ታዲያ ከማክሰኞ እስከ አርብ አንድ ሚስማር አልተመታም።

«እህት ዓለም፣ ለምንድነው ያልተሰቀለው?» አልናት።

«መምህሮቼ፣ እኔ መች ጠላሁ? መዝጋቢዎቹ መጥተው ሳያዩት ከጠገንኩት ቤትሽ ደህና ነው ብለው ያልፉኛል። ሦስቱ ቆርቆሮ እኮ ተቀዷል፣ ከየት አመጣለሁ? እስኪመጡ ይቆይ» አለችን።

በዚያው ሌሊት ዝናቡ ተመለሰ። ትንሿ ልጅ እስከ ዛሬ ትስላለች።

እንግዲህ ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገር የፈለግነው ይህንኑ ነው። ሴትዮዋ ሞኝ አይደለችም፤ ያየችውን ነው ያደረገችው። በአምናው ነፋስ ከእሷ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር አባወራ በማግስቱ ተነስቶ ጣሪያውን ባገኘው ነገር፣ በአሮጌ ሚስማርና በላስቲክ፣ እንደምንም ከደነው። ከአሥር ቀን በኋላ መዝጋቢዎቹ መጡ፣ ከውጭ ቆመው አዩት፣ ጣሪያ አለው ብለው አለፉ። ክፍቱን ትቶ የጠበቀው ጎረቤቱ ግን አዲስ ቆርቆሮ ወሰደ። የመጀመሪያው ሰውዬ ቤት በዝናብ ጊዜ ዛሬም እንደ ወንፊት ነው። ከዚያ ወዲህ የብሎኩ ሰው በሙሉ አንድ ነገር ተምሯል፤ የጠገነ ይቀጣል፣ የተወ ይሸለማል። እኛ ክፍል ውስጥ ዓመት ሙሉ ከምናስተምረው ይልቅ ይሄ ትምህርት ቶሎ ገባ።

መዝጋቢዎቹ ክፉ ስለሆኑ ነው አንልም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛም ስደተኞች ያበላሸነው አለ። ነፋስ ያልነካውን ጣሪያ ሌሊት አውርዶ ጠዋት «ተነሳብኝ» ያለ ሰው እናውቃለን። የተሰጠውን ቆርቆሮ በሳምንቱ ገበያ ያወጣም እናውቃለን፤ ቢያወጣም የምግብ ርዳታው በተቀነሰበት ጊዜ ለምን እንዳወጣው አይጠፋንም። ስለዚህ በዓይኔ ካላየሁ አልጽፍም ማለታቸው ምክንያት አለው። ችግሩ ዓይን የሚመጣው በአሥር ቀን፣ ዝናብ የሚመጣው በማግስቱ መሆኑ ነው።

እኛ የምንለው ቀላል ነው። ነፋሱ ባለፈ ጠዋት የብሎኩ ሊቀመንበር በየቤቱ ይዙር። የተቀደደውን ቆርቆሮ፣ የተሰበረውን ወራጅ ቆጥሮ ይጻፍ፣ ሁለት ጎረቤቶች ይፈርሙ፣ ስልክ ያለው ሰው ፎቶ ያንሳ። የተቀደደው ቆርቆሮ አይጣል፤ ለማስረጃ አጥር ላይ ይቀመጥ። ከዚያ በዚያው ቀን ቤቱ ይከደን። መዝጋቢው ሲመጣ ወረቀቱን፣ ፎቶውንና የተቀደደውን ቆርቆሮ ይመልከት እንጂ ጣሪያው ክፍት መሆኑን አይጠይቅ። በሐሰት የፈረመ ሊቀመንበር ወይም ጎረቤት ቢገኝ ይጠየቅ፤ ለዚህ እኛም እንቆማለን። ግን ቤቱን የጠገነ ሰው በመጠገኑ ከመዝገብ አይሰረዝ። ይህ በቃል ሳይሆን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየቋንቋው ተጽፎ ይለጠፍልን።

አሁን ደግሞ ስለ ጣሪያው ስለራሱ። በስድስቱም ቤት እየዞርን ያየነው ነገር አስገርሞናል። አብረውን የዞሩት ድሮ አገር ቤት በአናጢነት ብዙ ዘመን የሠሩ ጋሼ ናቸው፤ በየቤቱ ቀና ብለው እያዩ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማሉ፦ «ቆርቆሮው ምን አደረገ? ማሰሪያ የለውም እኮ!»

እውነትም የለውም። ነፋስ ጣሪያ የሚወስደው ከላይ ተጭኖ የሚመስለን ብዙ ነን። ሥራው ግን ማንሳት ነው። በጣሪያው ላይ በፍጥነት ሲያልፍ ወደ ላይ ይስባል፣ በበርና በክዳኑ ሥር ባለው ክፍተት የገባው ደግሞ ከውስጥ ይገፋል። ለተማሪዎቻችን በወረቀት እናሳያቸዋለን፤ ቀጭን ቁራጭ ወረቀት ከንፈራችሁ ሥር ይዛችሁ በላዩ ላይ እፍ ስትሉ ወረቀቱ አይወርድም፣ ይነሳል። ቆርቆሮም እንደዚያ ነው። ለዚህ ነው ነፋሱ ሲጀምር በርና መስኮት መዝጋት የሚጠቅመው። ለዚህም ነው መጀመሪያ የሚለቀው ጠርዙና ማዕዘኑ የሆነው።

የምንኖርበትም ምድር የነፋስ መንገድ ነው። በኢትዮጵያ ተራሮችና በኬንያ ደጋ መካከል ያለው ቆላ ነፋሱን እንደ ቧንቧ አጥብቦ ያሳልፈዋል። ከቱርካና ሐይቅ ማዶ፣ በማርሳቢት በኩል፣ 365 የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲመረቁ 310 ሜጋዋት ያመነጫሉ ተብሎ ነበር። እነሱ ነፋሱን መብራት ያደርጉታል፣ እኛ ጣሪያችንን እንሰጠዋለን።

ጋሼ ያሳዩንን እንጻፈው፤ የሚጠቅመው ይኖራልና። ቆርቆሮ በማገር ላይ በሚስማር ይያዛል፣ ማገሩ በወራጅ ላይ፣ ወራጁ ደግሞ በቋሚው ወይም በግድግዳው ላይ። ከነዚህ አንዱ ከላላ የሌሎቹ ጥንካሬ ዋጋ የለውም። ላጋው ዳር የተገኘው ቆርቆሮ ከማገሩ አልተላቀቀም፤ ሚስማሩ በደንብ ይዞታል። የለቀቀው ወራጁ ነው፤ በግድግዳው ላይ እንዲሁ ተቀምጦ ነበር እንጂ አልታሰረም። ወራጁ በጥቁር ሽቦ ደጋግሞ ተጠምዝዞ መታሰር አለበት። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ከሆነ ደግሞ ሽቦው በላይኛው ጡብ ሥር ብቻ ገብቶ መመለሱ አይበቃም፤ አራት አምስት ረድፍ ወርዶ ይግባ፣ አለዚያ ነፋሱ ጡቡንም ይዞ ይነሳል። በሁለት ቤት ያየነው ይህንኑ ነው።

ሚስማሩን ብዙ ሰው የሚመታው በቆርቆሮው ቦይ፣ ማለትም ውሃው በሚወርድበት ላይ ነው። እዚያ ላይ ቆርቆሮው እንጨቱን ስለሚነካ ለመምታት ይቀላል፤ ግን ውሃው በቀዳዳው ገብቶ ማገሩን ያበሰብሳል፣ የበሰበሰ እንጨት ደግሞ ሚስማር አይዝም። ትክክለኛው ቦታ ጉብታው ነው። ጎማ ያለው የቆርቆሮ ሚስማር ከጠፋ የለስላሳ ቆርኪ ተጨፍልቆ፣ ከሥሩ የአሮጌ ነጠላ ጫማ ቁራጭ ገብቶበት ይሠራል፤ ሚስማሩ በቀላሉ ቆርቆሮውን ቀዶ እንዳያልፍ ይይዘዋል። በጠርዙ ላይ በየጉብታው፣ በመሃል አንድ እየዘለሉ መምታት ይበቃል። የድሮው ቀዳዳ ላይ እንደገና መምታት አይያዝም። ቆርቆሮ ሲደራረብ ደግሞ የሚጀመረው ነፋስ ከሚመጣበት ማዶ ነው፤ የድርርቡ አፍ ነፋሱን ፊት ለፊት ካየ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል።

ስለ ድንጋይ አንድ ነገር እንበል። ጣሪያ ላይ ድንጋይና የተቀደደ ጎማ የጫነ ብዙ ቤት አለ። ጎማው ይሁን። ድንጋዩ ግን ቆርቆሮው ሲነሳ የሚወርደው ወደ ውስጥ፣ የተኛ ልጅ ላይ ነው። እባካችሁ ዛሬውኑ አውርዱት።

ቆርቆሮው እስኪገኝ ሸራ የሚዘረጋ ሰውም ሸራውን በሚስማር ብቻ ቸንክሮ አይተወው። በአራት ሜትር በአምስት ሜትር የሚሰጠን ሸራ በጠርዙ ወፈር ያለ ጥልፍ አለው፤ ገመድ የሚገባው እዚያ ነው። ጠርዙ በእንጨት ተጠቅልሎ ቢታሰር የበለጠ ይይዛል። የተወጠረ ሸራ ይቆያል፣ የላላ ሸራ ሌሊቱን ሲያጨበጭብ አድሮ ጠዋት ይቀደዳል።

ምስጡን ረስተን ነበር። ከስድስቱ ቤት በሦስቱ ቋሚው ከሥር ባዶ ሆኗል፤ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ከጋራዥ የሚገኝ የተቃጠለ ዘይት የሚቀበረው ክፍል ላይ ቢቀባ ብዙ ይረዳል። እንጨቱን ራሱን ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። ከዱር እንቁረጥ ብንል ከቱርካና ወንድሞቻችን ጋር መጣላት ነው፤ ዛፉ የእነሱ ሀብት ነው። ማቴንጌ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ ቆርጠው የሚሸጡ አሉ፤ ጠማማ ቢሆንም ጠንካራ ነው፣ ለወራጅም ለቋሚም ይሆናል። ገንዘቡ ከተገኘ ከእነሱ መግዛት ለሁለታችንም ይበጃል።

ለጋሽ ድርጅቶችን የምንጠይቀው ሁለተኛ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ቆርቆሮ ሲታደል ሚስማር፣ ሽቦና እንጨት አብሮ ይታደል። አሥራ ሁለት ቆርቆሮ ይዞ ግማሽ ኪሎ ሚስማር ያጣ ሰው ሁለቱን ሽጦ ሚስማር ቢገዛ ሌባ ይባላል ወይ? በካሎቤዬ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቤት መሥሪያ ገንዘቡ በባንክ ሒሳብ ለባለቤቱ እየተሰጠ ዕቃውን ራሱ መርጦ የሚገዛበት፣ ግንበኛውንም ራሱ የሚቀጥርበት አሠራር ታይቷል። ሰው ለራሱ ቤት ሲገዛ ማሰሪያውን አይረሳም። ለጥገናም ትንሹን ገንዘብ እንዲሁ መስጠት ይቻላል።

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። አርብ ዕለት «ለምን ደቦ አልጠራሽም?» ብለናት ነበር። ዝም አለች። በኋላ ጎረቤቷ ናት የነገረችን፤ ደቦ ጠርቶ ቡና ሳያቀርቡ፣ የሚቀመስ ሳያሰናዱ እንዴት ይሆናል ብላ አፍራ ነው። አገር ቤት ደቦ የጠራ ሰው ጠላውንም እንጀራውንም ያሰናዳል፤ ያ ደግ ባህል ነው። እዚህ ግን ራሽኑ ከወሩ አጋማሽ በፊት ያልቃል። ደቦውን ከነድግሱ ካልሆነ አንፈልግም ካልን ደቦው ራሱ ቀረ ማለት ነው፤ የሚቀርበት ደግሞ ብቻዋን ልጆች የምታሳድገዋና ጡረተኛው ሽማግሌ ናቸው። ውሃ ይበቃናል። ውሃም ከሌለ ይዘን እንመጣለን።

እሁድ ከሰዓት ሰባት ሰው ሆነን ሄድን። መጀመሪያ ሊቀመንበሩ ጻፈ፣ ሁለት ጎረቤቶች ፈረሙ፣ ፎቶ ተነሳ። ሦስቱ የተቀደዱ ቆርቆሮዎች ዛሬም አጥሩ ላይ አሉ፤ በቦታቸው ሸራ ተወጥሯል። ሥራው አራት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ አብዛኛው ሰዓት የሄደው የተጣመመ ሚስማር በማቅናት ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ቡናዋን ከየት እንዳመጣች አናውቅም፣ አፈላች።

ይህ ጽሑፍ እስከሚወጣ መዝጋቢዎቹ አልመጡም። ሲመጡ ሦስቱን ቆርቆሮ ይሰጧት እንደሆነ ወይም «ጣሪያ አላት» ብለው ያልፏት እንደሆነ በዚሁ ገጽ እናሳውቃችኋለን። ወረቀቱ እኛ ዘንድ ነው።

ከስድስቱ ቤቶች ሁለቱ ገና ክፍት ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ከትምህርት ቤቱ በር እንነሳለን። መዶሻ ያለው መዶሻ፣ ቆርኪ ያጠራቀመ ቆርኪ ይዞ ይምጣ። መሰላል ግን የለንም፤ ያለው ሰው አርብ ማታ ድረስ ቢነግረን ሄደን እንወስዳለን፣ ማታውኑም እንመልሳለን።