ለኢንሳይክሎፒዲያው ሰዎች ጠበቃ ልቁም

የአይዛክ አሲሞቭን «ፋውንዴሽን» (እ.ኤ.አ. 1951) መጀመሪያ ያነበብኩት አንደኛ ዓመት እያለሁ ነበር። ሰሞኑን ደገምኩት። መጽሐፉ ያው ነው፤ እኔ ግን ወገን ቀይሬያለሁ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በሩቅ ዘመን የሰው ልጅ ጋላክሲውን ሞልቶ፣ 40 ቢሊዮን ሕዝብ በሚኖርባት ትራንቶር ላይ በተቀመጠ ንጉሠ ነገሥት ይገዛል። ሃሪ ሰልደን የተባለ የሒሳብ ሊቅ ግዛቱ መፍረሱ እንደማይቀር፣ ከዚያም 30 ሺህ ዓመት የጨለማ ዘመን እንደሚከተል አስልቶ ይደርስበታል። ጨለማውን ወደ 1 ሺህ ዓመት ለማሳጠር ሊቃውንትን ከነቤተሰቦቻቸው በጋላክሲው ጠርዝ ባለችው ተርሚነስ ያሰፍራል። የተነገራቸው ሥራ የሰውን እውቀት ሁሉ የሚይዝ ኢንሳይክሎፒዲያ ማዘጋጀት ነው።

50 ዓመት ለፉ። ከዚያ የሟቹ ሰልደን ምስል ብቅ ብሎ ኢንሳይክሎፒዲያው ማታለያ እንደነበር ይነግራቸዋል። የተፈለገው እዚያ መገኘታቸው ብቻ ነበር!

በመጀመሪያው ንባቤ እዚህ ላይ ስቄያለሁ፣ እውነቴን ነው። ጎረቤት ነገሥታት ሊውጧቸው ከበር ቆመው እነሱ ጽሑፍ ያርማሉ። ከንቲባው ሳልቮር ሃርዲን ሥልጣኑን ሲነጥቃቸው እሰይ ብዬ ነበር። አሲሞቭም ሐሳቡ ሲመጣለት የ21 ዓመት ወጣት፣ የእኛ እኩያ ነበር፤ በሽማግሌ ምሁራን ትዕግሥት ያጣ ይመስለኛል።

ዘንድሮ ግን መሳቅ አቃተኝ። ምናልባት የመመረቂያ ጽሑፌን ስለጀመርኩ ይሆናል (አማካሪዬ ይህን ካነበቡ ይቅርታ)። እዚያ ሥራ ላይ አርጅቶ የሞተ ሰው አለ እኮ! የሰልደን ደጋፊዎች መልስ አላቸው፤ ትንበያው የሚሠራው ሕዝቡ ካላወቀው ብቻ ነው ይላሉ። እኛ ስታትስቲክስ የምንማረው ይህ አይጠፋንም። ሰው እየተጠና መሆኑን ሲያውቅ ጠባዩን ይለውጣል። ይሁን እንጂ ይህ የሚያስረዳው እቅዱ ለምን እንደተደበቀ ነው። መደበቅ ሌላ፣ የውሸት ሥራ ሰጥቶ የሰው ዕድሜ መብላት ሌላ።

ደግሞ ውሸት ነበር እንዴ? ሰልደን አንድ ጥራዝ እንኳ ቢታተም ባይታተም ግድ እንደሌለው ተናግሯል። ታዲያ በየክፍሉ መግቢያ ላይ ያሉትን ጥቅሶች እዩአቸው። የተወሰዱት ከዚያው ኢንሳይክሎፒዲያ 116ኛ እትም ነው፤ የታተመውም ፋውንዴሽኑ በተመሠረተ በ1020 ዓመት፣ እዚያው ተርሚነስ ላይ። ያኔ፣ አንደኛ ዓመት እያለሁ፣ ታሪኩ ጋ ቶሎ ለመድረስ ዘልያቸው ነበር።