ለብ ብሎ የሚቀር ውሃ፦ ቦይለሩን ከመቀየርዎ በፊት

ክረምት ሲገባ በብዙ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ። የቦይለሩ መብራት በርቷል፤ ብሬከሩም አልወረደም፤ ውሃው ግን ለብ ከማለት አያልፍም። ልጆች ትምህርት ቤት ሊሄዱ ሰዓት ደርሷል፤ አንዱ ታጥቦ ሲወጣ ለሌላው በድስት ውሃ ይጣዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ውሳኔም የታወቀ ነው፦ «ይሄ ቦይለር አርጅቷል፤ ይቀየር።»

የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ስለሆነ ሻጭ ቀድሞ የሚጠይቀውን ጥያቄ አውቃለሁ፦ «ባለ ስንት ሊትር ይሁን?» የድሮው ምን ሆኖ ነው ብሎ መጠየቅ ግን የገዢው ድርሻ ነው። የውሃ ለብ ማለት ብቻውን የቦይለሩን ማርጀት አያሳይም። የቧንቧ፣ የመብራት ኃይል ወይም የሰዓት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ አዲሱም ቦይለር ያንኑ ለብ ያለ ውሃ ነው የሚሰጥዎት።

ስለዚህ በቅድሚያ ሦስት ነገር ያጣሩ። ውሃው ለብ የሚለው በአንድ ቧንቧ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም? ሲጀምር ሞቆ ቶሎ የሚያልቅ ነው ወይስ ከመጀመሪያውም የማይሞቅ? ቦይለሩ ከመታጠብዎ በፊት ስንት ሰዓት በርቶ ቆየ? የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ካለዎት ሙቀቱን ይለኩ። የትኩሳት መለኪያው ግን ለዚህ አይሆንም፤ 42 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያበቃል።

በአንድ ቧንቧ ብቻ ከሆነ

የወጥ ቤቱ ውሃ እያቃጠለ የመታጠቢያው ለብ ካለ ቦይለሩ ሥራውን ሠርቷል። የሚጠረጠረው ሚክሰሩ ነው። ሙቁንና ቀዝቃዛውን በአንድ እጀታ የሚቀላቅለው ቧንቧ ውስጡ ሲያልቅ ቀዝቃዛው ሾልኮ ወደ ሙቁ መስመር ይገባል። አንዳንዴ የአንዱ ሚክሰር ብልሽት የቤቱን ሙቅ ውሃ በሙሉ ያቀዘቅዛል።

ይህን ያለ ምንም መሣሪያ ማጣራት ይቻላል። ቦይለሩን ከብሬከሩ ያጥፉ። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ ውሃ መዝጊያ ይዝጉ። ከዚያ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። መስመሩ ውስጥ የቀረው ፈስሶ ካቆመ ደህና ነው። ሳያቋርጥ መፍሰሱን ከቀጠለ ግን ቀዝቃዛ ውሃ በሌላ በኩል እየገባ ነው ማለት ነው፤ ሚክሰሮቹን አንድ በአንድ ማስፈተሽ ነው። ሲጨርሱ መዝጊያውን ከፍተው ከሙቁ ቧንቧ ውሃ ያለማቋረጥ ሲወርድ ካዩ በኋላ ብቻ ቦይለሩን ያብሩ።

ሞቆ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ

እዚህ ላይ ሒሳብ ይረዳል። ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውሃውን 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ካደረሰውና የሚገባው ውሃ 18 ዲግሪ ከሆነ፣ ተቀላቅሎ 40 ዲግሪ የሆነ የመታጠቢያ ውሃ በስሌት ወደ 95 ሊትር ይወጣዋል። ቴርሞስታቱን 45 ዲግሪ ላይ ካደረጉት ግን ያው ቦይለር የሚሰጠው 61 ሊትር ገደማ ነው። በደቂቃ 10 ሊትር በሚያወርድ ሻወር የመጀመሪያው ከ9 ደቂቃ በላይ፣ ሁለተኛው 6 ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ቤተሰቡ ሳይበዛ፣ ቦይለሩ ሳያንስ፣ አንድ ማዞሪያ ብቻ ሲሦውን ውሃ ወሰደ ማለት ነው። ማዞሪያው ከውጭ ከሆነ እርስዎ ራስዎ ማስተካከል ይችላሉ፤ ክዳን ውስጥ ከሆነ ለባለሙያ ይተዉት።

ቦይለሩ በቅርቡ የተገጠመ ወይም ቤት ሲቀየር የተነቀለ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ያሉትን ሁለት ቧንቧዎች ይመልከቱ። ሰማያዊ ምልክት ያለበት የቀዝቃዛ መግቢያ፣ ቀይ ያለበት የሙቅ መውጫ ነው። ሙቅ ውሃ ወደ ላይ ስለሚወጣ የመውጫው ቱቦ ውስጥ ለውስጥ እስከ ጋኑ አናት ይደርሳል። ሁለቱ ተለዋውጠው ከተገጠሙ ሙቁ ላይ ቀርቶ ከታች ያለው ቀዝቃዛ ይወጣል። ቁሞ እንዲሰቀል የተሠራውን አጋድሞ መስቀልም ሙቁንና ቀዝቃዛውን ያቀላቅላል። ሁለቱም የገጣሚ ስህተት ናቸው፤ ዕቃው ምንም አልሆነም።

ከመጀመሪያውም የማይሞቅ ከሆነ

ውሃው ፍጹም ቀዝቃዛ ከሆነ ሬዚስታንሱ ተቃጥሎ ወይም መከላከያው አቋርጦ ይሆናል። ለብ የሚል ከሆነ ግን መጀመሪያ ሰዓቱን ያስሉ። ባለ 80 ሊትር፣ ባለ 1,500 ዋት ቦይለር 18 ዲግሪ የነበረን ውሃ 60 ለማድረስ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል። በግማሽ ሰዓት የሚጨምረው 8 ዲግሪ ያህል ነው። አንድ ሰዓት ቢበራ እንኳ ውሃው 34 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ይህ ከሰውነታችን ሙቀት በታች ነው፤ «ለብ አለ» የምንለውም እሱኑ ነው። ቆጣሪ እንዳይበላ ብለው ከእንቅልፍ ሲነሱ የሚያበሩ ቤተሰቦች ብልሽት የሚመስላቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የመብራት ኃይል ማነስ ይጨመራል። መስመራችን 220 ቮልት ነው ቢባልም በሁሉም ሰፈር፣ በሁሉም ሰዓት እኩል አይደርስም። ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ የቦይለሩ ጉልበት በሲሦ ይቀንሳል፤ 1,500 ዋት የነበረው ወደ 1,000 ይወርዳል። 2 ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ እሱ በሚሠራበት ሰዓት ቦይለሩን ማብራት ሁለቱንም ያደክማል። የባለሙያ ቴስተር ቮልቴጁን በደቂቃ ውስጥ ይነግርዎታል። ኃይሉ ደህና የሚሆነው ሌሊት ከሆነ ቦይለሩን ያኔ ማብራት አዲስ ከመግዛት ይረክሳል። የፍሪጁ ስታቢላይዘር ላይ ግን አይሰኩት፤ ጭነቱን አይችልም።

ሰዓቱም ኃይሉም በቂ ሆኖ ካልሞቀ ወደ ቦይለሩ ውስጥ እንመለሳለን። አንዳንድ ቦይለሮች ሁለት ሬዚስታንስ አላቸው፤ አንዱ ሲቃጠል በቀረው እየጎተቱ ይሠራሉ። ሌላው የኖራ ነገር ነው። የውሃ ማፍያዎን ውስጥ ይመልከቱ፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ቦይለርዎም ይዟል። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች በተጨማሪ ከአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ታገኛለች፤ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ማዕድን ይይዛል። ቅርፊቱ ሬዚስታንሱን ሲሸፍነው ሙቀቱ ወደ ውሃው ቶሎ አያልፍም። ቦይለሩ ሲሠራ እንደሚፈላ ድስት ካጉረመረመ ማስጠረግ ነው። በዚያው አጋጣሚ ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዥየም ዘንግ ማለቅ አለማለቁን ያሳዩ፤ ዘንጉ ርካሽ ነው፤ ጋኑ ከተበሳ ግን መፍትሔ የለውም።

የማይነካው

ለብ ያለ ውሃ ያናድዳል እንጂ አይገድልም። ልናስተካክለው ስንል የምንነካው ግን ሊገድል ይችላል። በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ያለችው ትንሽ ሴፍቲ ቫልቭ ቦይለሩ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ብትል አይደንግጡ። 80 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል፤ ትርፉ በእሷ ይወጣል። ወለሉ ረጠበ ብሎ መድፈን ጋኑ እንዲፈነዳ መፍረድ ነው። ትንሽ ቱቦ ገጥመው ወደ ፍሳሽ ይምሩት።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቫልቭዋ ሌላም ሥራ አላት፦ ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩ ውስጥ ያለው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትይዛለች። ውሃ በጠፋ ሰዓት ከቀዝቃዛው ቧንቧ ሙቅ ከወረደ መያዟን ትታለች ማለት ነው። ባዶ ቦይለር ሲበራ ሬዚስታንሱ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ውሃ ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር የሙቁን ቧንቧ ከፍተው መውረዱን ሳያዩ አያብሩ።

ውሃ ሲነካ ትንሽ እንኳ ንዝረት ከተሰማ ቦይለሩን ከብሬከሩ አጥፍተው ባለሙያ እስኪመጣ ማንም እንዳይታጠብ ያድርጉ። ቦይለር የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ያስፈልገዋል። ዲቫይደር ላይ የተሰካ ቦይለር ለእሳት ቅርብ ነው።

ስለ ልጆችም አንድ ነገር። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለው የሳንባ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊራባ ስለሚችል በጋኑ ያለው ውሃ 60 ዲግሪ እንዲደርስ ይመከራል። ያው 60 ዲግሪ ግን የሕፃን ቆዳ በሰከንዶች ያቃጥላል። መፍትሔው ጋኑን ማቀዝቀዝ ሳይሆን ቧንቧው ላይ መቀላቀል ነው። ሳፋው ውስጥ ቀዝቃዛውን ያስቀድሙ፤ ሙቁን ይጨምሩ፤ በክርንዎ ይፈትሹ፤ ልጁን ከዚያ በኋላ ያስገቡ።

ባለሙያ ሲጠሩም «ቦይለሩ አይሞቅም» ብለው አይዝጉት። «3 ሰዓት በርቶ ለብ ብቻ ነው ያለው፤ በሁሉም ቧንቧ ነው፤ መዝጊያውን ስዘጋ መፍሰሱ ይቆማል» ይበሉት። እንዲህ የተነገረው ሰው ትክክለኛውን ዕቃ ይዞ ይመጣል። ሳይለካ «መቀየር ነው» ካለዎት ደግሞ ቴስተሩን አውጥቶ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።