የመምህር ዘሩ ትምህርቱ ነው

ለልጆቻችን አዲስ መምህር በመጣ ጊዜ፥ በብዙ ቤት አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ያስተምራል?» የሚል ሳይሆን «የማን ልጅ ነው?» የሚል ነው። መልሱ ሳያምር የቀረ እንደ ሆነ አንዱ ፊቱን ያዞራል፥ ሌላው ይስቃል። ልጁም ከማዕዱ ዳር ሁኖ ይህን ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ቀን ወዲያ መምህሩ የሚናገረው ቃል ወደ ጆሮው ቢገባ እንኳ ወደ ልቡ አይደርስም፤ የልቡን በር ወላጆቹ አስቀድመው ዘግተውበታልና። የዚህ ልማድ ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ ይታወቅ ዘንድ፥ በሕንድ አገር በሴራምፖር ከተማ አንድ የክርስቲያን ከፍተኛ ትምህርት ቤት ስላቋቋሙ መምህራን ጥቂት ማስረዳት መልካም ሆኖ ታይቶናል። ስለ እነርሱ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሴራምፖር ከካልካታ በስተ ሰሜን በሁግሊ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ስትሆን፥ በ1800 ዓ.ም. የዴንማርክ ንጉሥ ግዛት ነበረች። ካልካታን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ወንጌል ሰባኪዎችን አይወድም ነበርና፥ ከእንግሊዝ አገር የመጡት መምህራን በዴንማርክ ጥላ ሥር ተጠጉ።

ከእነዚህ የመጀመሪያው ዊልያም ኬሪ በ1761 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ፤ በኋላ ግን የመንደራቸው መምህር ሆነዋል። ልጅየው ገና በወጣትነታቸው ለጫማ ሰፊ ተሰጥተው ሙያውን ተማሩ። ከወስፌውና ከጠፍሩ ጋራ እየዋሉም ላቲንን፥ ግሪክንና ዕብራይስጥን አጠኑ። ብዙ ወረቀት አጣብቀው የዓለምን ካርታ በመሥሪያ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለው፥ ስለየአገሩ ሕዝብ ያነበቡትን ይጽፉበት ነበር። ሁለተኛው ኢያሱ ማርሽማን ከሸማኔ ቤተ ሰብ ተወልደው እርሳቸውም በሽመና ሥራ አደጉ፤ መጽሐፍ ግን ከእጃቸው አይለይም ነበር። ሦስተኛው ዊልያም ዋርድ የአናጢ ልጅ ሲሆኑ፥ ሙያቸው ማተሚያ ነበረ።

እነዚህ ሰዎች ያስተማሩት ትምህርት እንዲህ ያለ ነው። ኬሪ ከ1801 ዓ.ም. ጀምሮ በካልካታ በፎርት ዊልያም ኮሌጅ የቤንጋሊንና የሳንስክሪትን ቋንቋ ለእንግሊዝ ሹማምንት ሠላሳ ዓመት ያህል አስተማሩ። በየሳምንቱ በጀልባ ወንዙን ወርደው አስተምረው ይመለሱ ነበር። ከደመወዛቸውም ለራሳቸው ጥቂት ብቻ አስቀርተው የቀረውን ለጋራው ሥራ ይሰጡ ነበር። በቤንጋሊ ለማስተማሪያ የሚሆን የስድ ንባብ መጽሐፍ ባለመኖሩ ሰዋስውን ራሳቸው ጽፈው አሳተሙ። በሕንድ ልማድ ቆዳ የሚሠራ ሰው ከሁሉ በታች ሲቆጠር፥ ስመ ጥሩው የብራህማን ሊቅ ምሪቱንጃይ ቪድያላንካር ከቀድሞው ጫማ ሰፊ ጋራ አብረው መጻሕፍት ያዘጋጁ ነበር።

ኬሪ ከቋንቋ ቀጥሎ የሚወዱት ዕፀዋትን ነበረ። በሴራምፖር ሰፊ የአትክልት ቦታ ተክለው ደቀ መዛሙርታቸውን በዚያ ያስተምሩ ነበር። በ1823 ዓ.ም. የወንዝ ሙላት ቢያጠፋባቸውም እንደ ገና ተከሉት። ማርሽማን ደግሞ ቻይናን ሳያዩ የቻይናን ቋንቋ ተምረው መጽሐፍ ቅዱስን ወደዚያ ቋንቋ መለሱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐና በ1800 ዓ.ም. ከባላቸው ጋራ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፍተው ሴቶች ልጆችን አስተማሩ፤ ከዚያ የተገኘውም ገንዘብ የማኅበሩ መተዳደሪያ ሆነ። የዋርድ ማተሚያ ቤት ፊደል ግን የተቀረጸው ከአንጥረኛ ወገን በተወለዱት በፓንቻናን ካርማካር እጅ ነው። በ1812 ዓ.ም. ማተሚያው ቤት በእሳት ቢቃጠልም፥ የፊደሉ መቅረጫ ሳይጠፋ ስለ ተገኘ ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ ሥራው ተጀመረ።

አንድ ቀን በሕንድ ጠቅላይ ገዥ ማዕድ ላይ አንድ የጦር ሹም ዶክተር ኬሪ ጫማ ሰፊ አልነበሩምን ብሎ ለማሳፈር ጠየቀ ይባላል። እርሳቸውም፥ ጫማ ሰፊ እንኳ አልነበርሁም፥ አሮጌ ጫማ ጠጋኝ ነበርሁ ብለው መለሱለት ይባላል። በዚያ ማዕድ ያፈረው ማን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

ነገር ግን ለቤተ ሰብ የሚጠቅመው ታሪክ መልካሙ ብቻ አይደለም። ኬሪ የሌላውን ልጅ ሲያስተምሩ የራሳቸው ልጆች ያለ ተቆጣጣሪ ቀሩ። በ1794 ዓ.ም. የአምስት ዓመት ልጃቸው ከሞተ በኋላ የባለቤታቸው አእምሮ ታወከ፤ እስከ ሞታቸውም እስከ 1807 ዓ.ም. አልዳኑም። አባትየው የዋህ ስለ ሆኑና ሥራም ስለ በዛባቸው ልጆቹን ለመገሠጽ አልቻሉም። ያን ጊዜ ዋርድና እነ ማርሽማን ልጆቹን እንደ ራሳቸው አድርገው ያዙ። ታላቁ ልጅ ፌሊክስ በዋርድ ማተሚያ ቤት ሙያ ተማረ፤ በኋላም ስለ ሰው አካል በቤንጋሊ ቋንቋ መጽሐፍ ጻፈ። ልጁን የአናጢ ልጅ ባይዘው ኖሮ፥ የአባቱ ሊቅነት ብቻውን አያድነውም ነበር። በመንግሥት ሥራ ተይዘን ልጆቻችንን ለመምህር የምንተው አባቶች ይህን ልናስብ ይገባናል።

ኮሌጁ በ1818 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ደጁም ለክርስቲያኑም ለሌላውም ክፍት ነበረ። በ1827 ዓ.ም. የዴንማርክ ንጉሥ ፍሬድሪክ ስድስተኛ በደብዳቤያቸው እንደ ዩኒቨርሲቲ ማዕርግ ይሰጥ ዘንድ ሥልጣን ሰጡት። በኤድንበርግ የተማሩት ጆን ማክም በዚያ የኬሚስትሪን ትምህርት አስተማሩ፤ በ1834 ዓ.ም.ም ይህን ትምህርት በቤንጋሊ አሳተሙ። ኬሪ በዚያው ዓመት ዐረፉ። ኮሌጁ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርታችን የቅኔ ወይም የድጓ ተማሪ አገር አቋርጦ ሲሄድ የሚጠይቀው መምህሩ ከማን እንደ ተማሩ ነው እንጂ ከማን እንደ ተወለዱ አይደለም። ዐፄ ምኒልክም በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን ከልክለዋል። አዋጅ ግን አደባባዩን እንጂ ማዕዱን አይጠብቅም፤ ማዕዱን የሚጠብቁ አባትና እናት ናቸው።

ስለዚህ መምህሩ በደጃችን ባለፈ ጊዜ ተነሥተን እጅ እንንሣ፤ ልጃችንም ይየን። ማታ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስለ መምህሩ ወገን ሳይሆን፥ መምህሩ በየትኛው ትምህርት ላይ ፊቱ እንደሚበራ እንጠይቀው። ልጁ ይህን መመለስ የቻለ እንደ ሆነ፥ ትምህርቱ ወደ ልቡ መግባት መጀመሩን እናውቃለን።