ኢኮው ይቀነስ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ስቱዲዮ የገባ መንዙማ አብዛኛው ከዋሻ የወጣ ይመስላል። ሦስት ሰከንድ የሚጎተት ሪቨርብ፣ በላዩ ዲሌይ፣ ድቤው እንኳ አልተረፈም። «ኢኮ ጨምርበት» ሲባል እምቢ የሚል ባለሙያ ብርቅ ነው። ለምን ሲባልም መልሱ ዝግጁ ነው፦ መንፈሳዊ ያደርገዋል።

የማን መንፈሳዊነት? ሪቨርብ የቤት ድምፅ ነው፤ ግድግዳና ጣሪያ ተቀባብለው የሚመልሱት። ያን ያህል ረጅም ጭራ የሚሰጠው ድንጋይና እብነ በረድ የለበሰ ግዙፍ ሕንፃ ነው። በዳናና በጀማ ንጉሥ የሱፊ ማእከላት ወግ ያደገው የወሎ መንዙማ ግን የሐድራ፣ የዱዓና የዚክር ጉባኤ፣ ልጅ ነው። የሐድራ ቤቱ የሳር ክዳን፣ ምንጣፉ፣ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉም ድምፅ ይውጣሉ። ግጥሙ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ከነትንፋሹ ነበር። መድረስም ነበረበት፤ ሼሆቹ በአማርኛ የገጠሙት ዐረብኛ ያልተማረው ገበሬ ሃይማኖቱን እንዲያውቅበት ነውና። ቃሉ የማይሰማ መንዙማ ምን ያስተምራል?

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ጭራ የሚመች ቋንቋ አይደለም። «ይበላል» ስንል «በ» ከላላ በላተኛ ነው፣ ከጠበቀ ተበይ። ልዩነቱ ያለው ከንፈር ገጥሞ ድምፅ በሚታፈንባት ቅጽበት ውስጥ ነው። ያለፈው ቃል ጭራ ያችን ቅጽበት ከሞላት ማጥበቅና ማላላት ይምታታል፤ ሰምና ወርቅ በዚያው ይቀልጣል። ድቤው በደቂቃ 120 ጊዜ ቢመታ በሁለት ምት መካከል ያለው ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው፤ በሦስት ሰከንድ ጭራ ውስጥ ስድስት ምት ይከመራል። ተቀባዮቹ ሲገቡ መሪው ገና አልወጣም።

ጨርሶ ይጥፋ አልልም፤ ስፖንጅ በተለጠፈበት ክፍል የተቀዳ ድምፅ ያለ ሪቨርብ ሬሳ ነው። ዲኬዩን፣ ማለትም የጭራውን ርዝመት፣ ወደ አንድ ሰከንድ ማውረድ፣ ፕሪ-ዲሌዩን ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ሰጥቶ ቃሉ ቀድሞ እንዲወጣ ማድረግ፣ ወደ ሪቨርቡ ከሚገባው ድምፅ ጎርናናውን መቁረጥ በቂ ነው።

«ኢኮ የድምፅን ጉድለት ይሸፍናል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ይሸፍናል። እርግብግቢቱንም አብሮ ይሸፍነዋል፤ ወሎዬ ድምፃዊ ደግሞ የሚታወቀው በእሱ ነው። ያልተስተካከለውን ስንኝ እንደገና መቅዳት ይሻላል።

የሠርግ አዳራሹ ደግሞ ይብሳል። ሲሚንቶና ቆርቆሮው ራሱ እያስተጋባ፣ ሚክሰሩ ላይ ያለው ኤፌክት ደግሞ እስከ ጫፍ ይከፈታል። ሽማግሌው መርቀው ሲጨርሱ እንግዳው «አሚን» የሚለው ከንፈራቸውን አይቶ ነው።