«ትለምደዋለህ» አይበሉት!



ልጅዎ በትምህርት ቤት ወይም በማርሽ ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ወይም ቱባ ይነፋል? ከልምምድ ሲመለስ «ትከሻዬን አመመኝ፣ እጄን ደነዘዘኝ» ሲልዎት ምን ይመልሱለታል? ብዙዎቻችን «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» እንላለን። እኔ ግን ይህ መልስ ስህተት ነው እላለሁ።

ትሮምቦን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቀኝ እጅ ተንሸራታቹን ቱቦ ስለሚያንቀሳቅስ ክብደቱን የሚሸከመው ግራ እጅ ነው። ቱባ ደግሞ 10 ኪሎ ሊደርስ፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።

«ሸክም ጡንቻ ያጠነክራል» የሚሉ አሉ። ክብደት የሚያነሳ ስፖርተኛ ግን አንስቶ ያወርዳል፤ ጡንቻው በመሃል ያርፋል። መሣሪያ የያዘ ልጅ ክንዱ ለብዙ ደቂቃ እንደተወጠረ ይቆያል። ተወጥሮ የሚቆይ ጡንቻ በቂ ደም ስለማያገኝ ቶሎ ይደክማል፣ ያማል። አንገትና ትከሻ ሲጨመደዱ ደግሞ እንደልብ መተንፈስም ያስቸግራል። ስለዚህ ድጋፍ መጠቀም ስንፍና አይደለም።

ምን እናድርግ?

✅ መሣሪያው ወደ ልጁ አፍ ይምጣ እንጂ ልጁ አንገቱን አያስግግ፣ አይጉበጥም።

✅ ቱባ ተቀምጦ ሲነፋ ማቆሚያ ላይ ይረፍ። ማቆሚያ ከሌለ የታጠፈ ጋቢ ወንበሩ ላይ ከመሣሪያው ሥር አድርገው፣ የሚነፋበት ጫፍ ከከንፈሩ ጋር እንዲስተካከል ያድርጉ።

✅ ለትሮምቦን ከሥር ወንበሩ ላይ ወይም በደረት በሚታሰር ማንገቻ ላይ የሚያርፍ የድጋፍ ዘንግ አለ።

✅ ቆሞ ወይም እየተራመደ ከሆነ ማንገቻው ክብደቱን ለሁለቱም ትከሻ ያካፍል፤ አንገት ላይ ብቻ አይንጠልጠል።

✅ በየ20 እና 25 ደቂቃው መሣሪያውን አስቀምጦ 5 ደቂቃ ይረፍ።

እነዚህ ዕቃዎች በአገራችን እንደልብ ላይገኙ ይችላሉ። የቱባ ማቆሚያ ግን ጎበዝ ብረት ሠራተኛ በልጁ ቁመት ልክ ሊሠራው ይችላል። ወጪው ለአንድ ቤተሰብ ከከበደ የባንዱ ወላጆች ተነጋገሩበት፤ መሣሪያውን ልጆች በተራ እንደሚጠቀሙበት ሁሉ ማቆሚያውንም በተራ ይጠቀሙበታል።

⚠️ የእጅ መደንዘዝ ወይም መዛል፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ካረፈም በኋላ የማይለቅ ሕመም ካለ ልጁን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ዲክሎፌናክ እየሰጡ ልምምዱን ማስቀጠል ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ መንስኤውን አያስወግድም።

የባንድ አሠልጣኞችም «አመመኝ» የሚለውን ልጅ ሰነፍ አትበሉት። ሕመሙን የደበቀ ልጅ አንድ ቀን መሣሪያውን ጨርሶ ሊተወው ይችላል። ልጁ የመጣው ሙዚቃ ሊማር እንጂ ሸክም ሊለምድ አይደለም።

ልጁ ባንድ ውስጥ ላለ ወላጅ ሼር ያድርጉ።