መርፌው ከመግባቱ በፊት

ወገቡን ያመመው የሐራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጠበልን ወይም ዋግምትን ነው። አሁን ደግሞ አኩፓንክቸር የሚባለው የቻይና የመርፌ ሕክምና ስሙ እየተነሳ ነው። አዲስ አበባ፣ አቃቂ ባለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ሐኪሞች ይሰጡታል።

መርፌው ቀጭን ነው፤ መድኃኒት አይወጋበትም። ሲገባ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። በአንድ ቀን አያልቅም፤ መመላለስ ይጠይቃል። የቆየ የወገብ ሕመምን ሊያስታግስ ይችላል፤ የአከርካሪ ቲቢን ግን አያድንም።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ትራንስፖርት ከመክፈል በፊት ወልድያ ሆስፒታል መመርመር ይቅደም። የትም ቢታከሙ ደግሞ «መርፌው አዲስ ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በሌላ ሰው ላይ የዋለ መርፌ ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል። ለዋግምት ምላጭም ይኸው ጥያቄ ይገባዋል።